ሻንደሊየር ከመግዛታችሁ በፊት ጣሪያችሁን እዩ

ሻንደሊየር ሱቅ ውስጥ ሲታይ ሁሉም ያምራል። ሠላሳ አርባው በአንድ ጊዜ በርቶ ይታያል። የሱቁ ጣሪያ ከፍ ያለ ነው፤ ግድግዳው ነጭ ነው፤ ዙሪያው መስታወት ነው። ከዚያ መሃል አንዱ ተመርጦ ደብረ ማርቆስ ወይም ዳንግላ ይደርስና፣ ቁመቱ 2 ሜትር ከ60 በሆነ ሳሎን ውስጥ ሲሰቀል ሌላ ዕቃ ይሆናል። ወይ አናት ይመታል፣ ወይ ክፍሉን ያጣብባል፣ ወይ ያን ሁሉ ብር በልቶ ቤቱ እንደ ድሮው ጨለም ብሎ ይቀራል።

የዕቃው ጥፋት አይደለም። ቅደም ተከተሉ ነው የተገለበጠው። አብዛኛው ሰው መጀመሪያ ይገዛል፣ የት እንደሚሰቅለው ኋላ ያስባል። በዚህ ላይ በዓይናችን የቀረው ሻንደሊየር ብዙ ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ወይም የሆቴል አዳራሽ ነው። እዚያ ጣሪያው አምስት ስድስት ሜትር ነው፤ ያ ግርማ የሚመጣው ከከፍታው ነው። የእኛ ሳሎን ያን ከፍታ ስለሌለው ሌላ ዓይነት ምርጫ ይፈልጋል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን እንገልብጠው። መጀመሪያ ጣሪያው፣ ቀጥሎ ሜትሩ፣ ከዚያ የኤሌክትሪኩ ነገር፣ ሱቅ መጨረሻ ላይ።

1. የሚሸከመውን ፈልጉ

ኮርኒስ አይሸከምም። ይህችን ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ እንኳ ከብዙ ነገር ተርፋችኋል። ቺፕውድ ይሁን፣ ጂፕሰም ይሁን፣ ፕላስቲክ ይሁን፣ ኮርኒስ የተሠራው ራሱን ይዞ እንዲቆም ነው። ተራ አምፖል ይችላል። ስድስት ሰባት ኪሎ ብረትና መስታወት ግን ዛሬ ባይጥል ነገ ይጥላል። ሚስማሩ ቀስ እያለ ይላላል፤ ክረምት ሲመጣ ቺፕውዱ እርጥበት ይጠጣል፤ አንድ ሌሊት ቤተሰቡ በድንጋጤ ከአልጋው ይነሳል።

ቤታችሁ የጭቃ ወይም የብሎኬት ሆኖ ቆርቆሮ የለበሰ ከሆነ፣ ከኮርኒሱ በላይ ያለው የባሕር ዛፍ እንጨት ነው። እሱን ሳታዩ ምንም አትወስኑ። ወደ ጣሪያው መግቢያ ቀዳዳ ካለ አናጢው ባትሪ ይዞ ይግባ። ከሌለ ከመሃል አንዱን ቺፕውድ ያንሳና ይይ። እንጨቱን በቢላ ጫፍ ወጋ ያድርገው። ቢላው ያለ ትግል ከገባ፣ ወይም ዱቄት የመሰለ ነገር ከፈሰሰ፣ ነቀዝ ወይም ምስጥ በልቶታል። እዚያ ላይ ምንም አይንጠልጠል።

እንጨቱ ጤነኛ ከሆነ፣ ሻንደሊየሩ በሚመጣበት ቦታ በሁለት አግዳሚዎች ላይ የሚያርፍ ሞራሌ፣ ማለትም ወፍራም የተሰነጠቀ እንጨት፣ አስጋድሙ። ከላይ ይጋደም፤ ከሥር በሚስማር አይመታ። ሚስማር ክብደት ወደ ታች ሲጎትተው ተንሸራቶ ይወጣል። ከላይ የተጋደመ ሞራሌ ግን ካልተሰበረ በቀር አይወርድም። ከዚያ ሞራሌው መሃል ላይ ይበሳና መንጠቆ ያለው የብረት ብሎን ይውረድ፤ ከላይ በሰፊ ሮንዴላና በዳዶ ይታሰር። አናጢው «በሁለት ሚስማር ይበቃዋል» ካላችሁ እሺ አትበሉት። ሥራው የግማሽ ቀን ነው፤ ገንዘቡም ከሻንደሊየሩ ዋጋ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው።

ኮርኒሱ የተወጠረ አቡጀዲ ወይም ማዳበሪያ ከሆነም መስቀል ይቻላል። ሰንሰለቱ ጨርቁን ቀዶ ከእንጨቱ ይወርዳል፣ በቃ። ግን አምፖሎቹ ጨርቁ አጠገብ አይድረሱ፤ የሚሞቅ አምፖልም ጭራሽ አይግባበት። እንዲህ ባለ ቤት እኔ ብሆን ከአምስት ኪሎ በላይ አልሄድም። ጣሪያው ቢችለው እንኳ ነፋስ በመጣ ቁጥር ቆርቆሮና እንጨቱ ይንቀሳቀሳል፤ ከባድ ነገር ሲንጠለጠልበት ማሰሪያው ሁሉ ይላላል።

ፎቅ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም ላይ ነገሩ ይቀላል፤ ኮንክሪት ስላብ አለ። ግን እዚህም ወጥመድ አለ። ብዙ ስላብ በኮንክሪት ጎድኖች መካከል ብሎኬት ተደርድሮበት ነው የተሠራው። ድሪሉ ትንሽ ሄዶ በድንገት ባዶ ቦታ ከገባ የብሎኬቱ ሆድ ነው። እዚያ የገባ ብሎን ዕድሜ የለውም። ወደ ጎን ፈቀቅ ብላችሁ ጎድኑን ፈልጉ፤ ድሪሉ እስከ መጨረሻው ሲታገል ታውቁታላችሁ። ማሰሪያውም ሲጠብቅ የሚከፈት የብረት ፊሸር ይሁን። የፕላስቲኩ ፊሸር ለግድግዳ ነው። ግድግዳ ላይ ክብደቱ ወደ ጎን ይጫነዋል፤ ጣሪያ ላይ ግን ወደ ታች ይስበዋል፣ እሱም ይንሸራተታል።

ማሰሪያው ካለቀ በኋላ ፈትኑት። ጥሩው መለኪያ የሻንደሊየሩን አራት እጥፍ ክብደት ማንጠልጠል ነው። ስድስት ኪሎ ለሚመዝን ሻንደሊየር ሩብ ኩንታል ጤፍ በከረጢት ማለት ነው። ቢያንስ አንድ ሰዓት፣ ከተቻለ ሙሉ ሌሊት ተንጠልጥሎ ይደር። ከሥሩ ሰው አይቀመጥ። በዚህ ኑሮ ጤፍ አንሰቅልም ካላችሁ አሸዋም ያው ነው። ጠዋት ላይ መንጠቆው ካልወረደ፣ ሞራሌው ካልጎበጠ፣ ኮርኒሱ ካልተሰነጠቀ ቦታው ዝግጁ ነው።

2. ሜትር አውጡ

የምትፈልጉት ሦስት ቁጥር ነው፤ የክፍሉ ርዝመት፣ ወርድና ቁመት። በስልካችሁ ጻፏቸው። ሱቅ ውስጥ «መካከለኛ ሳሎን ነው» የሚል መልስ ምንም አይጠቅምም።

ለስፋቱ ቀላል ስሌት አለ። ርዝመትና ወርዱን በሜትር ደምሩ፤ ድምሩን በ8 አባዙ። የሚመጣው ቁጥር የሻንደሊየሩ የጎን ስፋት በሴንቲ ሜትር ነው። 4 በ5 ሜትር ሳሎን ድምሩ 9 ነው፤ ስለዚህ ከ70 ሴንቲ ሜትር እምብዛም ያልራቀ ዕቃ ይስማማዋል። 3 ሜትር ከግማሽ በ4 ከሆነ 60 ሴንቲ ሜትር። 6 በ8 የሆነ ትልቅ ሳሎን ካላችሁ 1 ሜትር ከ10 ድረስ ትሄዳላችሁ። ሕግ አይደለም፤ ግምት ነው። ቤቱ ሶፋ፣ ቡፌና ቁም ሳጥን የሞላበት ከሆነ ትንሽ ዝቅ በሉ፤ ዕቃው ራሱ ክፍሉን አሳንሶታል።

ከስፋት ይልቅ ሰው የሚሳሳተው በቁመት ነው። ከወለሉ እስከ ሻንደሊየሩ የታችኛው ጫፍ ቢያንስ 2 ሜትር ከ10 ሴንቲ ሜትር መቅረት አለበት። ይህን ከጣሪያችሁ ቁመት ቀንሱት። ቀሪው ለሻንደሊየሩ፣ ለሰንሰለቱና ማሰሪያውን ለሚሸፍነው የጣሪያ ክዳን አንድ ላይ የተፈቀደ ነው። ጣሪያችሁ 3 ሜትር ከሆነ 90 ሴንቲ ሜትር አላችሁ፤ ብዙ አማራጭ ታገኛላችሁ። 2 ሜትር ከ80 ከሆነ 70 ሴንቲ ሜትር ነው። 2 ሜትር ከ60 ከሆነ ግን 50 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው የቀራችሁ። ለእንደዚህ ያለ ቤት በሰንሰለት የሚንጠለጠል ሳይሆን ጣሪያው ላይ ተጠግቶ የሚታሰር፣ ወደ ጎን የሚሰፋ ዓይነት ነው የሚሆነው። እሱም ሻንደሊየር ነው። ዝቅተኛ ጣሪያ ላይ ሲታይ እንዲያውም ከረጅሙ ያምራል።

«ከሥሩ ጠረጴዛ አለ፣ ማንም አያልፍበትም» የሚል መልስ እሰማለሁ። ሌላ አገር ይሠራ ይሆናል። እኛ ዘንድ ጠረጴዛው ይነሳል። ማኅበር ሲደርስ፣ ዝክር ሲኖር፣ ክርስትና ሲመጣ ሳሎኑ ባዶ ይሆንና ወንበር ይደረደራል። ያኔ ሰው ሁሉ በመሃል ያልፋል። የንስሐ አባታችሁን አስቡ። ቁመታቸው 1 ሜትር ከ80 ቢሆን፣ ጥምጣማቸው ሌላ 15 ሴንቲ ሜትር ይጨምራል። ቆመው ጸሎት አድርሰው መስቀል ከፍ ሲያደርጉ ክሪስታሉ ከተንኳኳ ሻንደሊየሩ ዝቅ ብሏል ማለት ነው። 2 ሜትር ከ10ን የያዝኩት ለዚህ ነው። ቤተሰቡ ረጃጅም ከሆነ 2 ሜትር ከ20 አድርጉት።

የምግብ ጠረጴዛችሁ የማይንቀሳቀስ፣ ለብቻው ክፍል ያለው ከሆነ ስሌቱ ይለያል። ከጠረጴዛው ፊት እስከ መብራቱ ከ75 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። የመብራቱ ስፋት የጠረጴዛውን ወርድ ግማሽ፣ ቢበዛ ሁለት ሦስተኛ ይሁን። ከዚያ ከሰፋ የተቀመጠ ሰው ሲነሳ ግንባሩን ይገጫል።

ደረጃው ክፍት በሆነ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ውስጥ ረጅሙን መስቀል ይቻላል፤ እዚያ ያምርበታል። ግን ከመግዛታችሁ በፊት አምፖሉን ማን፣ በምን መሰላል እንደሚቀይር መልሱን ያዙ። ባሕር ዳር ውስጥ እንዲህ ያሉ ቤቶች እየበዙ ነው፤ ግማሹ አምፖላቸው የተቃጠለ ሻንደሊየሮችም አብረው በዝተዋል።

3. የመብራቱን ነገር አስቡ

ጎጃም የመብራት አገር ናት። ጢስ ዓባይ እዚሁ ነው። 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ጣቢያም የሚዞረው በጣና ውኃ ነው። ይሁንና መብራት ይጠፋል፤ ሲመለስም አንዳንዴ ከልኩ አልፎ ይመጣል። ይህ ምርጫውን በቀጥታ ይነካል።

አሁን ገበያው ላይ ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው አምፖሉ የሚፈታ፣ የሚቀየር ነው። ሁለተኛው መብራቱ ከአካሉ ጋር የተሠራ፣ ቀለበት ቀለበት የሆነው ዘመናዊ ኤልኢዲ ነው። ሁለተኛው ያምራል፣ ቀላል ነው፣ ለዝቅተኛ ጣሪያም ይመቻል። ችግሩ ውስጡ ያለችው ኃይል ማስተካከያ ሳጥን ናት። ኃይል ዘሎ ሲመጣ መጀመሪያ የምትቃጠለው እሷ ናት። እሷ ከሄደች መላ ሻንደሊየሩ ጌጥ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ተለዋጯን ሞጣ ወይም እንጅባራ ላይ ማግኘት ቀላል አይደለም። ስለዚህ ምክሬ ግልጽ ነው። አምፖሉ የሚቀየረውን ግዙ። የቀለበቱን ዓይነት ከወደዳችሁ ግን ያችን ሳጥን ተለዋጭ አብራችሁ ግዙ፤ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን የቮልት ክልልም እዩ። ከ85 እስከ 265 ቮልት የሚል 220 ብቻ ከሚለው የተሻለ ይታገሣል።

የአምፖሉ ጥርስም ይታይ። ሰፊው፣ በየቤቱ ያለው ጥርስ ኢ27 ይባላል። ሻማ በሚመስሉት ላይ ያለው ቀጭኑ ኢ14 ነው። ኢ27 በየሱቁ አለ። ኢ14 በትልልቅ ከተሞች ይገኛል፤ በትንንሽ ከተሞች ግን መጠየቅ ያስፈልጋል። ከተማችሁ ላይ ኢ14 ከሌለ የዓመት አምፖል አብራችሁ ግዙ።

አሜሪካ ያለ ዘመድ «ከዚህ ልላክላችሁ» ቢላችሁ ከማመስገን በፊት አንድ ነገር ንገሩት። የእኛ ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው፤ የእነሱ 120። ውስጡ የራሱ ኤልኢዲ ያለው የአሜሪካ ሻንደሊየር እዚህ ሲበራ ሊቃጠል ይችላል። ባዶው አካል ቢመጣ እንኳ ቀጭኑ ጥርሳቸው ኢ12 ነው፤ ከእኛ ኢ14 ጋር አይገጥምም። ከዱባይ የሚመጣው የቮልት ችግር የለበትም።

ስንት አምፖል? የብርሃን መጠን የሚለካው በሉመን ነው፤ ለሳሎን በካሬ ሜትር 150 ሉመን ገደማ ያዙ። 20 ካሬ ሜትር ቤት 3,000 ሉመን ይፈልጋል። ባለ 5 ዋት ኤልኢዲ አምፖል 400 ሉመን አካባቢ ይሰጣል፤ ስለዚህ ባለ ስምንት አምፖል ሻንደሊየር ይበቃዋል። ድሮ ያንኑ ብርሃን የሚሰጠው ባለ 40 ዋት የሚሞቀው አምፖል ነበር። ልዩነቱን አስሉት። ስምንት ባለ 40 ዋት አምፖል 320 ዋት ነው። በቀን አምስት ሰዓት ቢበራ በወር 48 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል። ኤልኢዲው 6 ብቻ ነው። የቤት ታሪፍ በእርከን የሚወጣ ነው፤ ርካሹ የመጀመሪያው እርከን እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። በሚሞቀው አምፖል ሻንደሊየሩ ብቻውን ያን እርከን ሊጨርሰው ነው። ፍሪጁም ምጣዱም የሚሠሩት በውዱ እርከን ይሆናል።

ስለ ቀለሙ። ገበያው ውስጥ በብዛት ያለው 6,500 ኬልቪን የሚለው፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ብርሃን ነው። ለሱቅ ጥሩ ነው። ለሳሎን አልወደውም። የሰው ፊት ያገረጣል፣ ዶሮ ወጡም ቀለሙን ያጣል። ከ2,700 እስከ 3,000 ኬልቪን የሚለው ቢጫማ ብርሃን በተለይ ደብረ ማርቆስና እንጅባራ ለመሳሰለው ብርዳም ከተማ ማታ ማታ ይስማማል። ልጆች ሳሎን ውስጥ የሚያጠኑ ከሆነ 4,000 መሃል ነው፤ ሁሉንም ያስታርቃል። በማብሪያው እየቀያየሩ ነጭም ቢጫም የሚሆኑ አሉ። ደግ ናቸው፤ ብቻ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ በማታስቡት ቀለም ሊበሩ ይችላሉ።

ኤሌክትሪሻኑን ደግሞ አንድ ነገር ጠይቁት፤ ከማብሪያው እስከ ሻንደሊየሩ ሁለት የማብሪያ መስመር ይጎትትላችሁ። ያኔ ግማሹን አምፖል በአንድ ማብሪያ፣ ሙሉውን በሁለቱ ታበራላችሁ። ለዜና ግማሹ ይበቃል፤ እንግዳ ሲመጣ ሁሉም ይበራል። ብርሃን የሚያበዛ የሚያሳንስ ማብሪያ ከመግዛት ይህ ይሻላል፤ ያኛው ለእሱ የተሠራ አምፖል ካልገባበት ብልጭ ድርግም ይላል።

4. ቅርጽና ዕቃ

ክረምት ሊገባ ሲል አሸን ይፈላል። የመጀመሪያው ዝናብ በጣለ ማታ ብርሃን ወዳለበት ሁሉ ይተማል። ባሕር ዳር ከጣና ዳር የሚመጣው ትንኝ አለ። ስለዚህ ኩባያው ወደ ላይ የተከፈተ፣ ሳህን የመሰለ ሻንደሊየር ስትመርጡ የምትገዙት የነፍሳት መቃብር መሆኑን እወቁ። በሁለት ሳምንት ውስጥ የኩባያው ታች ይጠቁራል፤ ብርሃኑም ይቀንሳል። ኩባያው ወደ ታች የሚመለከት፣ ወይም ጭራሽ ኩባያ የሌለው፣ አምፖሉ ሻማ መስሎ የቆመ ዓይነት ይሻላል።

ሁለተኛው ጠላት ጢስ ነው። ቡና ሲቆላ፣ ዕጣን ሲጤስ፣ ቅባት ያለው ጢስ ወጥቶ ክሪስታሉ ላይ ያርፋል። አቧራ ደግሞ እሱ ላይ ይለጠፋል። ረከቦቱ የሚዘረጋበት ቦታ ከሻንደሊየሩ ሥር ከሆነ አንዱን ፈቀቅ አድርጉ። ቡናው በየቀኑ ሳሎን ውስጥ የሚፈላ ከሆነ፣ ሦስት መቶ ጠብታ ያለው ሻንደሊየር አትግዙ። ማን ያጥበዋል? ሃያ ሠላሳ ትልልቅ ፍሬ ያለው ይበቃል።

አሁን ወደ ክሪስታሉ። ሻጩ ሁሉንም ክሪስታል ይለዋል። አንዳንዱ ግን ፕላስቲክ ነው፣ አንዳንዱ ተራ ብርጭቆ ነው፣ አንዳንዱ የተሞረደ ጥራት ያለው መስታወት ነው። ለመለየት ፍሬውን ጉንጫችሁ ላይ አድርጉት። መስታወት ይቀዘቅዛል፤ ፕላስቲክ ወዲያው ይሞቃል። ሁለቱን ፍሬ ቀስ አድርጋችሁ አጋጩ። መስታወት ጥርት ያለ ድምፅ አለው፤ ፕላስቲክ ደፈን ያለ ነው። ክብደቱም ይናገራል። ካርቶኑ ላይ ኬ9 የሚል ካያችሁ ለዓይን መነጽርና ለካሜራ ከሚሆነው ጋር የሚዛመድ ንጹሕ መስታወት ነው ማለታቸው ነው። በርሱ ስም የሚሸጠው ሁሉ ግን እሱ ስላልሆነ ጠርዙን እዩ። ጥሩው ጠርዙ ስል ነው፤ ተራው በቅርጽ ማውጫ የወጣ ስለሆነ ጠርዙ የቀለጠ ይመስላል።

የድሮዎቹ ውድ ክሪስታሎች ሌላ ናቸው። ጆርጅ ራቨንስክሮፍት የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1674 መስታወት ውስጥ የእርሳስ ውሁድ የሚጨመርበትን አሠራር በስሙ አስመዘገበ። ያ መስታወት ብርሃኑን በኃይል ስለሚሰብረው ቀስተ ደመና ይረጫል። የእርሳስ መስታወት ከባድም ውድም ስለሆነ እኛ የምንገዛው እሱ ነው ብላችሁ አትጠብቁ።

ፕላስቲኩን አልንቅም። ቀላል ነው። የባሕር ዛፍ ጣሪያ ላይ የሚሰቀል ከሆነ እሱ ይመረጣል። በዓመታት ውስጥ ይደበዝዛል፣ ደረቅ ጨርቅም ይጭረዋል፤ ዋጋው ግን ይህን የሚመጥን መሆን አለበት። በመስታወት ዋጋ አትግዙት።

ወርቃማ ወይስ ብርማ? ያላችሁን ዕቃ ተከተሉ። የበሩ እጀታ፣ የመጋረጃው ዘንግ፣ የቡፌው መያዣ ምን ዓይነት ነው? እሱን ያዙ።

5. ሱቅ ስትገቡ

ባሕር ዳርም ደብረ ማርቆስም ሻንደሊየር የሚሸጡ ሱቆች አሉ፤ ምርጫ የሚበዛው ግን መርካቶ ነው። ከአዲስ አበባ የምታስመጡ ከሆነ የዋጋውን ልዩነት ከትራንስፖርቱና ከስብራቱ ጋር አወዳድሩት። የቅርቡ ሱቅ ፍሬ ሲጎድል ትመለሱበታላችሁ። ለእኔ ይህ ዋጋ አለው።

ሻጩ «እትዬ፣ ይቺ ለእርስዎ ቤት ልክ ናት» ይላል። ቤታችሁን አላየም። የጻፋችሁትን ቁጥር አውጡ፤ ስፋቱን በሜትር አስለኩት፤ ቁመቱን ደግሞ ሰንሰለቱ ጨምሮም ሳይጨምርም አስለኩ። ሰንሰለቱ ሊያጥር ይችላል፤ አካሉ ግን አያጥርም። ቀጥሎ ክብደቱን ጠይቁ። ካላወቀ ሚዛን ይፈለግ። መንጠቆውን በአራት እጥፍ መፈተን የምትችሉት ክብደቱን ስታውቁ ነው።

ከዚያ የሌሎቹን መብራት አስጠፉና የመረጣችሁትን ብቻውን አስበሩት። ሻጩ ያንገራግር ይሆናል፤ ግን ያደርገዋል። ሁሉም አምፖል ይብራ። አምፖል መግቢያው ላይ የተጻፈውን ከፍተኛ ዋት አንብቡ፤ ከ40 አይበልጥም ካለ አይበልጥም። ብረቱን ጣት አድርጋችሁ እሹት፤ ቀለሙ ከለቀቀ ክረምቱን አይሻገርም። የሽቦውን መውጫ ቀዳዳ ዳብሱት። ስለታም ከሆነ ውሎ አድሮ የሽቦውን ልባስ ይቆርጣል።

የምትወስዱት ማሳያ ላይ የተሰቀለውን ሳይሆን ካርቶን ውስጥ ያለውን ከሆነ፣ እዚያው አስከፍታችሁ ቁጠሩ። ክንዶቹ፣ ፍሬዎቹ፣ ሰንሰለቱ፣ የጣሪያ ክዳኑ፣ ብሎኖቹ፣ የመግጠሚያው ሥዕል። ትርፍ ፍሬ ለምኑ። አምስት ስድስት ትርፍ ፍሬ ሻጩን አይጎዳውም፤ እናንተን ግን ኋላ ያድናችኋል።

6. ማጓጓዝና መስቀል

ሳይገጣጠም ይምጣ። የዓባይ በረሃ መንገድ ቁልቁለቱም ዳገቱም ጠመዝማዛ ነው። ካርቶኑ ከአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ከሆነ የጤፍ ጆንያ ይጫንበታል። ውስጥ ይግባ፣ በጎኑ ሳይሆን ቀጥ ብሎ ይቀመጥ። ፍሬዎቹ በአሮጌ ጨርቅ ተጠቅልለው ለብቻ፣ ጭናችሁ ላይ ቢሆኑ ከሁሉ ይሻላል።

ስቀላው የኤሌክትሪሻን ሥራ ነው። እናንተ ግን እዚያ ቆማችሁ ሦስት ነገር ተቆጣጠሩ። አንደኛ፣ ኃይሉ ከቆጣሪው ብሬከር ይጥፋ። ማብሪያውን ማጥፋት አይበቃም። ብዙ ቤት ውስጥ ማብሪያው የተሠራው በተሳሳተው ሽቦ ላይ ስለሆነ፣ መብራቱ ጠፍቶም ሽቦው ኃይል ይኖረዋል። ሁለተኛ፣ የሽቦው ቀለም ላይ አይተማመን፤ በቴስተር ይይ። ሦስተኛ፣ ክብደቱን መንጠቆውና ሰንሰለቱ ይያዝ፤ ሽቦው ላልቶ ይንጠልጠል። አካሉ ብረት ስለሆነ፣ ያፈተለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚወስድ የመሬት መስመር ካላችሁ ከብረቱ ጋር ይገናኝ። ከሌላችሁ ይህ አጋጣሚ ነውና ስለማስገባቱ ተነጋገሩ።

አካሉ ተሰቅሎ፣ በርቶ፣ ሁሉም ሰላም ከሆነ በኋላ ፍሬዎቹ ይንጠልጠሉ። ከላይ ወደ ታች፣ ከመሃል ወደ ዳር። የእጅ ጓንት ወይም ንጹሕ ጨርቅ ያዙ፤ የጣት አሻራ ብርሃን ሲያርፍበት ጎልቶ ይታያል።

7. ከተሰቀለ በኋላ

መብራት ሲጠፋ ማብሪያውን አጥፉ። ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ አብሩ። የመጀመሪያው ዝላይ ነው አምፖሉን የሚገድለው።

በዓመት ሁለት ጊዜ ማጠብ ይበቃል። አሸኑ ካለፈ በኋላ ለእንቁጣጣሽ፣ ሁለተኛው ለፋሲካ። ብሬከሩን አጥፉ፤ አምፖሎቹ ይቀዝቅዙ። ከሥሩ ወፍራም ጋቢ አንጥፉ፤ የወደቀ ፍሬ አይሰበርም። ፍሬዎቹን ከማውረዳችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱ፤ አለበለዚያ የትኛው የት እንደነበር ማንም አያስታውስም። ለብ ባለ ውኃና በጥቂት ፈሳሽ ሳሙና እጠቡ። ጢስ የጠጣ ፍሬ ውኃው ላይ ትንሽ ኮምጣጤ ቢጨመር ቶሎ ይለቃል። ሳይደርቅ በጥጥ ጨርቅ ወልውሉት፤ ውኃው በላዩ ከደረቀ ነጭ ነጥብ ይጥላል። ወርቃማውን ብረት ግን በኮምጣጤ አትንኩት፤ እርጥብ ጨርቅ ብቻ፣ ከዚያ ደረቅ።

በዚያው ቀን መንጠቆውንም ዳዶውንም እዩ። ቆርቆሮ ቤት ከሆነ ያላላ ነገር አይጠፋም፤ ይጥበቅ። ትርፍ ፍሬዎቹንና ትርፍ አምፖሎቹን በካርቶኑ መልሳችሁ ቡፌው ላይ ሳይሆን ልጅ በማይደርስበት ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጡ፤ የመግጠሚያውን ሥዕልም እዚያው ጨምሩት።